ፋይልን ማፍሰስ ወይስ መዘርጋት?

አንደኛ አቅራቢ፦ ኮምፒዩተር በዲስክ የተጻፈውን ፋይል በየትኛው መንገድ ሊያነብበው ይገባዋል በሚለው ጥያቄ የሥርዓተ ክወና ሊቃውንት ብዙ ዘመን ተከራክረዋልና፣ እኅቴ፣ ነገሩን ከጥንቱ ቢያስረዱን።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ መልቲክስ የተባለው ሥርዓት ፋይሉን የማኅደረ ትውስታ ክፍል አድርጎ፣ አትሮንስ ላይ እንደ ተዘረጋ መጽሐፍ በፈለጉት ገጽ እንዲገለጥ ሲያደርግ፣ ቤል ላቦራቶሪ በ1969 እ.ኤ.አ. ከመልቲክስ ሥራ ከወጣ በኋላ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ዩኒክስ ግን ፋይልን በተራ የሚነበብ የባይት ጅረት አደረገው። ጅረት ምንጩን አይመርጥም፤ ዲስክም፣ የቁልፍ ሰሌዳም፣ የሌላ ፕሮግራም ውጤትም በአንድ ትእዛዝ ይነበባል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ሆኖም በጅረት የመጣው ሁሉ ከከርነሉ (ከሥርዓቱ እምብርት) ማኅደር ወደ ፕሮግራሙ ማኅደር መገልበጡ ድካም አይደለምን? ዩኒክስም ቢሆን፣ ሰንኦኤስ 4.0 የተባለው ዝርያው በ1988 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ የተነካውን ገጽ በተነካ ጊዜ የሚያመጣውን የመዘርጋት ጥበብ ተቀብሏል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ አይፍረዱ ገና፣ ወንድሜ። ዲስኩ ቢበላሽ የንባብ ትእዛዝ ስሕተቱን በመልሱ ይናገራል፤ በተዘረጋው ፋይል ግን ያው ብልሽት ፕሮግራሙን በድንገት ሊያቆመው ይችላል።

አንደኛ አቅራቢ፦ እንግዲያስ ፍርዱ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ በተራ ለሚነበብና ፍጻሜው ላልታወቀ ነገር ጅረት፣ ወዲያና ወዲህ ለሚመረመር ታላቅ መዝገብ ግን መዘርጋት ይገባል።