የሰፈራችን ብስክሌተኛ የአንድ ዓመት ውድድር
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንድ አባታችን ተነሥተው፣ «ማኅበሩ ለዚያ ልጅ ጎማ ገዛ፣ ሄልሜት ገዛ፣ ፍሬን አሠራ። ታዲያ ስንት ዋንጫ አመጣ?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡ የሁላችንም መዋጮ ነውና መልስ ይገባችኋል። ስለዚህ እኛ የኮሚቴው አባላት ልጁን አስጠርተን፣ የዓመቱን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስነግረን፣ ይኸው ጽፈን ቀርበናል። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ማለዳ በየበራችሁ የሚያልፈውን ልጅ የማያውቅ የለም።

እንግዲህ መልሱን ሳንሸፋፍን እንናገር። ዋንጫ አላመጣም፤ አንድም።

ልምምዱን የጀመረው ዝናቡ ካባራ በኋላ በጥቅምት ነው። መጀመሪያ ለጉልበቱ መሠረት እንዲሆነው በዝግታ ረጅም መንገድ ይሄድ ነበር። ወደ ሚኤሶ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ ጭሮ ይመለሳል። መውረዱ ጨዋታ ነው፤ መመለሱ ነው ሥራው። ሚኤሶ ቆላ ስለሆነ ፀሐይ ሳትበረታ ካልተነሣ ዳገቱ ላይ ሙቀቱ ይጨርሰዋል። ቀጥሎ በሂርና መንገድ ተራራ መውጣት ተለማመደ። ጠጠርና አፈር ለመልመድ ደግሞ ወደ ገጠሩ መንገድ ይገባል።

የአስፋልት ብስክሌትና የተራራ ብስክሌት አንድ አይደሉም። የአስፋልቱ ቀላል ነው፣ ጎማውም ቀጭን። የተራራው ጎማ ወፍራምና ባለ ጥርስ ነው፣ ድንጋይና ጭቃ እንዲቆነጥጥ። የተራራው ውድድር አዲስ ነገር ነው፤ አሜሪካኖች በካሊፎርኒያ ተራሮች የጀመሩት ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ኦሊምፒክ የገባው በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ነው። ሌላው ተወዳዳሪ ሁለት ብስክሌት ሲኖረው የኛ ልጅ አንድ ብቻ ነው ያለው። አስፋልት ሲሆን ለስላሳውን ጎማ፣ ተራራ ሲሆን ባለ ጥርሱን እየቀያየረ፣ ጎሚስታው ደጃፍ ተቀምጦ በገዛ እጁ ይሠራል።

አራት ጊዜ ተወዳደረ። በመጀመሪያው የአስፋልት ውድድር ገና ከመነሻው ብቻውን ቀረና መጨረሻ ወጣ። በተራራው ውድድር ካቴናው ተበጥሶ ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ሮጦ ጨረሰ። በሁለተኛው አስፋልት መሐል ላይ ገባ። በመጨረሻው የተራራ ውድድር ስድስተኛ ወጣ። ይኸው ነው።

ምን ተለወጠ ብለን ጠየቅነው። «ንፋሱን ተማርኩ» አለን። ነገሩ እንዲህ ነው። በአስፋልት ውድድር የፊተኛው ንፋሱን ይሰብራል፣ ከኋላው ተጠግቶ የሚሄደው ጉልበቱ በብዙ ይተርፈዋል። ስለዚህ ተራ በተራ ፊት እየወጡ ይረዳዳሉ። ብቻውን የወጣ ጎበዝ ብዙውን ጊዜ ይደክማል። እኛ ይህን ስንሰማ ደቦ ትዝ አለን፣ እዚህ አገር ጉዛ የምንለው። ዛሬ ላንተ፣ ነገ ለኔ።

በአገራችንም የብስክሌት ነገር ትናንት የመጣ አይደለም። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ከመሮጡ በፊት፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በሄደችበት በኅዳር 1949 ዓ.ም.፣ ሜልቦርን ላይ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ኃይሉ ፋናና ፀሐዬ ባህታ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ሜዳልያ አላመጡም። ግን ዛሬም ስማቸው ይነሣል፣ መንገዱን ከፍተዋልና። ከስንት ዘመን በኋላ በ2008 ዓ.ም. የትግራዩ ልጅ ፅጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ የሚባለውን፣ በ21 ቀን ውድድር ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳበትን ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ጎረቤታችን ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት ጊዜ አንደኛ ወጥቶ አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ መጥቶ ኪጋሊ ላይ ተደረገ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰው ጉልበት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ፊት ሆኖ ንፋስ የሰበረለት ሰው ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በሚያዝያ ልጁ ከሂርና መንገድ ቁልቁል ሲወርድ አንድ የጫት መኪና ጥሩምባ እንኳ ሳይነፋ ተጠግቶ አልፎ ከአስፋልት አወጣው። ክርኑ ተላጠ፣ ሄልሜቱ ተሰነጠቀ። ሐኪሙ፣ «ሄልሜቱ ባይኖር የተሰነጠቀው ሌላ ነበር» ብሎታል። ያ ሄልሜት እናንተ በመዋጮ የገዛችሁት ነው። እንግዲህ አባታችን፣ ገንዘቡ ዋንጫ አላመጣም፤ ልጁን ግን ወደ ቤቱ መልሷል።

እናቱ ዛሬ እዚሁ ተቀምጠዋል። «ይብቃው» ብለው ነበር። አንፈርድባቸውም፤ እናት ናቸው። እኛ ግን ልጁ ከሚያቆም መኪናው ቀስ ይበል እንላለን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃችኋለን።

አንደኛ፣ አንዴ የተመታ ሄልሜት ዳግመኛ አያድንም፣ መለወጥ አለበት። አዲስ እንዲገዛ ድምፅ ስጡ።

ሁለተኛ፣ ከመካከላችን አይሱዙም ባጃጅም የሚነዱ አሉ። ብስክሌተኛ ስታዩ ቀስ በሉ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቃችሁ እለፉ። ለሾፌር ጓደኞቻችሁም ንገሩ።

ሦስተኛ፣ አንዲት የሰፈራችን ልጅ፣ «እኔስ?» ብላናለች። አንዳንዶች ሳቁ። አትሳቁ። ሰላም አምሃ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ በብስክሌት ተወዳድራለች። ኢየሩ ገብሩ ደግሞ ጦርነት ከአገሯ አስወጥቷት፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ከስደተኞች ቡድን ጋር ተሰልፋ ነድታለች። እኛ ጋ ያለችው ልጅ የጎደላት ብስክሌት ብቻ ነው። ቤቱ ያለ ሥራ የቆመ ብስክሌት ያለው ሰው ለኮሚቴው ያስታውቅ፤ ጎሚስታው በነፃ ሊያድስላት ቃል ገብቷል።

በጥቅምት ልምምዱ እንደገና ይጀመራል። ማለዳ በበራችሁ ሲያልፉ «በርቱ» በሏቸው፤ እሱ እንኳ ወጪ የለውም።



የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው
ጭሮ