አሮጌ መኪናን ወደ ኤሌክትሪክ ስለ መለወጥ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው የዕድራችንን አሮጌ ፒክአፕ ጉዳይ እንድናጠና ኃላፊነት ከሰጠን ወዲህ፣ «ሞተሯን አውጥተን ለምን በባትሪ አናስኬዳትም?» የሚለው ጥያቄ በየቡናው ላይ ሲነሳ ሰምተናል። ጥያቄው የቧልት አይደለም። መኪናዋ የቤንዚን ሰልፍ ላይ ስትውል ለቅሶ ቤቱ ድንኳንና ወንበር ይጠብቃል። ከአባሎቻችንም መካከል ግቢያቸው ውስጥ ያቆሙትን ቮልስዋገን ወይም ኮሮላ ራሳቸው ለመለወጥ የሚያስቡ አሉ። ስለዚህ የደረስንበትን በአጭሩ እናቀርባለን።

የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ ከተማችን ከቤንዚን ጋር ኖራለች። በ2016 ዓ.ም. ግን መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ቤንዚን በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ መብራቱ ከወንዛችን ይወጣል። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ዐቅም የሌለው ሰው አሮጌዋን ልለውጣት ቢል አይፈረድበትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ፣ ማርሚታውና የቤንዚን ጋኑ ይወጣሉ። ካምቢዮው ባለበት ይቀርና የኤሌክትሪኩ ሞተር በልክ በተቆረጠ ብረት ከእርሱ ጋር ይታሰራል። በባትሪውና በሞተሩ መካከል ኮንትሮለር የሚባል ዕቃ ይገባል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ኃይሉን የሚመጥነው እርሱ ነው። ባትሪው እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልት የሆኑ የሊቲየም ሴሎች ተደርድረው የሚሠራ ሲሆን፣ 30ዎቹ በተከታታይ ሲያያዙ 96 ቮልት ይሆናሉ። ሴሎቹ ባለ 200 አምፔር ሰዓት ከሆኑ 19 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይይዛሉ፤ ይህም ቀላል መኪናን በደልዳላ መንገድ ወደ 100 ኪሎሜትር ሊያስኬድ ይችላል። ከቤት ሶኬት በ10 አምፔር ሲሞላ ወደ 10 ሰዓት ይፈጃል፤ ማታ ተሰክቶ ጧት ይደርሳል ማለት ነው።

የእኛ ሰፈር ግን ደልዳላ አይደለም። ታዲያ ዳገቱስ? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ዳገቱስ አያሳስብም። የቤንዚን ሞተር አየር ይተነፍሳል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል፣ ወደ እንጦጦ በወጣን ቁጥርም ይብስበታል። የኤሌክትሪክ ሞተር ለጉልበቱ አየር አይሻም። አንድ ተኩል ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ለከፍታው ብቻ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ ባትሪው ይችለዋል።

የሚያሳስበው ቁልቁለቱ ነው። በብዙ መኪኖች የፍሬን ፔዳል የሚለሰልሰው ሞተሩ አየር በሚስብበት ኃይል ነው። ሞተሩ ሲወጣ ይህ ረዳት አብሮ ይወጣል፤ በምትኩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የአየር መሳቢያ ፓምፕ ካልተገጠመ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። በማርሽ መያዝ የምንለውም ከሞተሩ ጋር ይሄዳል። እርግጥ አንዳንድ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ቁልቁለት ሲወርዱ መኪናውን ይዘው ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳሉ። ነገር ግን ሙሉ ማሰሮ ውኃ አይጨመርበትም። ከላይ የሚኖር ሰው ሌሊቱን ባትሪውን ሞልቶ ጧት ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሲወርድ፣ ባትሪው የሚመለሰውን ኃይል አይቀበልምና መያዣው ይጠፋል። ስለዚህ የዳገት ላይ ነዋሪ ከመቶ 80 ላይ ሲደርስ መሙላቱን ያቁም። በባትሪው ክብደት ምክንያትም ባሌስትራውና ፍሬኑ እንደገና ይመርመሩ።

ሌላው ጉዳይ የሰው ሕይወት ነው። 96 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ እንደ ተራዋ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አይነካካም፤ ሊገድል ይችላል። መፍቻ በሁለት ጫፎች መካከል ቢወድቅ ብረት ያቀልጣል፣ እሳት ያስነሳል። ፊውዝና ዋና ማቋረጫ ሳይኖር፣ ብቻን ሆኖ፣ ቀለበት አጥልቆ በባትሪው ላይ አይሠራም። ልጆች በሚተኙበት ቤት ውስጥም አይሞላም።

እንግዲህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ፒክአፗ በግቢ ውስጥ ሳይሆን ፈቃድ ባለው ጋራዥ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ባለበት ትለወጥ። ሁለተኛ፣ የሞተሩ ቁጥር በሊብሬ ላይ የተጻፈ ስለሆነ ሥራው ሳይጀመር የሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤትና ኢንሹራንሱ ይጠየቁ። ሦስተኛ፣ ድንኳኑንና ወንበሩን ሙሉ ጭና ከእንጦጦ ቁልቁል ሳትፈተን ማንም ሰው አይሳፈርባት። ይህ ካልተሟላ ገንዘቡ ከሣጥን አይውጣ።

በየቤታችሁ ለመሥራት የምታስቡም ብትሆኑ ከመጀመራችሁ በፊት ጎረቤት አማክሩ፤ ሁለት ሆናችሁ ሥሩ። ዕድራችን የሞተን ለመቅበር የቆመ ቢሆንም፣ በሕይወት ያለውን ተው ማለትም ሥራው ነው።