ዘመን ያልሻራቸው የሩሲያ ተውኔቶችና የውርስ ትርጉም ኃላፊነት
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ስለ ውርስ ትርጉም በተነሣ ቁጥር ክርክሩ በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንደኛው ወገን የደራሲው ቃል አይነካ ይላል። ሁለተኛው ተመልካች ያልገባው ተውኔት እንዳልተጻፈ ይቆጠራል በማለት ስሙንም፣ አገሩንም፣ ዘመኑንም እንዳሻው ይለውጣል። በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «ይህን ተውኔት የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ይህን ሳያውቅ የሚለውጠውም ሆነ ቃል በቃል የሚተረጉመው ሰው መድረክ ላይ ይዞ የሚወጣው ነፍስ የሌለው አካል ነው።

ከጎጎል እንጀምር። «ሬቪዞር» ወይም «ተቆጣጣሪው» የተሰኘው ኮመዲ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በሴንት ፒተርስቡርግ በአሌክሳንድሪንስኪ ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1836 ነው። የአንዲት ትንሽ ከተማ ሹማምንት ተቆጣጣሪ በስውር ይመጣል መባሉን ሰምተው ይደነግጣሉ፤ የእንግዳ ማረፊያ ሂሳብ መክፈል ያቃተውን ኽሌስታኮቭ የተባለ ተራ ጸሐፊም ተቆጣጣሪው እሱ ነው ብለው ያስተናግዱታል፤ ገንዘብም ያበድሩታል። እውነቱ የሚገለጠው የፖስታ ቤቱ ሹም የሰው ደብዳቤ ከፍቶ የማንበብ ልማድ ስላለው ነው።

እንግዲህ አንድ አዘጋጅ ታሪኩን ወደ ዘመናችን አምጥቶ ለሹማምንቱ የእጅ ስልክ ቢያስይዛቸው፣ ስሕተቱ በአንድ ጥሪ ሊታረም ስለሚችል ተውኔቱ ገና ሳይጀመር ያልቃል። ታዲያ መፍትሔው ስልኩን መደበቅ ነውን? አይደለም። ከንቲባውን የሚያሳውረው የመንገዱ ርቀት ብቻ ሳይሆን የገዛ ጥፋቱ የወለደው ፍርሃት ነው። ስልኩን በእጁ ይዞ ወደ በላይ አለቃው ለመደወል የማይደፍር ከንቲባ ከጎጎል ከንቲባ የሚርቅ አይደለም። ሜየርሆልድ እ.ኤ.አ. በ1926 በሞስኮ ተውኔቱን በ15 ክፍሎች ከፋፍሎ ሲያቀርብ፣ እውነተኛው ተቆጣጣሪ መድረሱ በሚነገርበት የመጨረሻ ትዕይንት በተዋንያኑ ምትክ አሻንጉሊቶችን አቁሟል። ብዙ ለወጠ፤ ፍርሃቱን ግን አልነካም።

ወደ ቼኾቭ ስንሻገር ጉዳዩ ይረቅቃል። «የቼሪው አትክልት» በሞስኮ የኪነ ጥበብ ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1904 ሲቀርብ ደራሲው ኮመዲ ነው ሲል፣ ስታኒስላቭስኪ የትራጀዲ ሐዘን አየበት። ቼኾቭም 12 ደቂቃ ሊፈጅ የሚገባው አራተኛ ገቢር 40 ደቂቃ ፈጀ ብሎ አማርሯል። የተውኔቱ ሞተር ሐራጅ ነው፤ ዕዳ ያለበት ርስት የሚሸጥበት ቀን ይቀርባል፣ ባለቤቶቹ ግን ያወራሉ። ርስቱን የሚገዛው ሎፓኺን አባቱና አያቱ በዚያው ርስት ላይ ባሪያ ገበሬ የነበሩ ነጋዴ ነው።

ይህን ተውኔት ወደ አገራችን ገጠር ለማምጣት የሚያስብ ጸሐፊ ታሪኩን ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በፊት ካደረገው ባላባቱም ጭሰኛውም አሉለት። ወደ ዛሬ ካመጣው ግን መሬት አይሸጥም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ይህንኑ አጽንቷል። ሐራጁ ሐሰት ከሆነ የቀረው ሁሉ ሐሰት ይሆናል። በባንክ ዕዳ የተያዘ የከተማ ቤት ግን ዛሬም በሐራጅ ይሸጣል። ሰፊ ግቢ፣ አሮጌ ዛፎች፣ በዚያው ግቢ የዘበኛ ልጅ ሆኖ ያደገ ባለጸጋ! ቼኾቭ በዚህ ቤት እንግዳ አይሆንም። እንዲህ ያለው ለውጥ መድፈር ሳይሆን መታመን ነው።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ቋንቋ ነው። ሩሲያኛ እንደ አማርኛ ሁሉ የቅርበትንና የአክብሮትን አጠራር ይለያል፤ የዛሬው እንግሊዝኛ አይለይም። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው አንተንና እርስዎን በግምት ያድላል። «አጎቴ ቫንያ» ሲከፈት አሮጊቷ ሞግዚት ማሪና ለዶክተር አስትሮቭ ሻይ ስታቀርብለት የምትናገረው በአንተ ነው። ተርጓሚው ሐኪም ነውና ይከበር ብሎ እርስዎ ካሰኛት የእናትነት ፍቅሯን ያቀዘቅዘዋል። «በቼሪው አትክልት» ደግሞ ሽማግሌው አሽከር ፊርስ የሚያዘወትራት ቀላል የምትመስል አንዲት የስድብ ቃል አለች። «ገልጃጃ» ብንላት አታሳፍረንም። ሌሎቹን ሲዘልፍባት ይቆይና ቤቱ ተቆልፎ ተረስቶ ሲቀር ለራሱ ያውላታል። ተርጓሚው በየቦታው ልዩ ልዩ ቃል ቢያስገባ መጨረሻው ይፈርሳል።

ብራያን ፍሪል እ.ኤ.አ. በ1981 «ሦስቱ እኅትማማቾች»ን ለአየርላንድ ተዋንያን እንደገና የጻፈው፣ የነበሩት ትርጉሞች የእንግሊዞች ንግግር ስለነበሩ ነው። አገሩ ሩሲያ ሆኖ ቀረ፤ የተለወጠው አንደበቱ ነበር። እኛም ከሌላ አገር ጆሮ በኩል ካልሰማን በቀር መስማት አንችልም የሚያሰኝ ምክንያት የለንም።

ባልደረቦቼ፤ በሶቪየት ኅብረት ዘመን በዚያ አገር ተምረው ሩሲያኛን ጠንቅቀው ያወቁ ብዙ ወገኖች አሉን። ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ መምህራን ናቸው፤ አብዛኞቹም ዛሬ በዕድሜ ገፍተዋል። ተውኔት ጸሐፊው ከአንዳቸው አጠገብ ተቀምጦ እያንዳንዱን ቃለ ተውኔት «ይህን ሲል በአንተ ነው ወይስ በእርስዎ? ቃሉስ ይመርራል ወይስ ያስቃል?» እያለ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ዕድል ከእነርሱ ጋር የሚያልፍ ነው። ስለዚህ ማኅበራችን ጸሐፊዎችንና እነዚህን ሩሲያኛ አዋቂዎች የሚያገናኝ የሥራ ቡድን ሳይውል ሳያድር እንዲያቋቁም በማሳሰብ ንግግሬን እፈጽማለሁ።