ዘር ቆጠራና ሳይንስ
(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በክፋር ግቢሮል የተደረገ ንግግር)



ከዚሁ ከረሆቮት፣ ከቫይዝማን ኢንስቲትዩት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁለት የወርቅ አቶም እምብርቶች ለብርሃን በተቃረበ ፍጥነት ሲላተሙ እጅግ ብዙ ቅንጣቶች ይፈናጠራሉ። ጥቂቶቹ «ቻርም» የተባለውን ኳርክ ይይዛሉ። ቻርም በአብዛኛው የሚወለደው በግጭቱ የመጀመሪያ ቅጽበት ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ለሆነው ሁሉ ምስክር ነው። ነገር ግን የያዘው ቅንጣት ብዙውን ጊዜ አንድ ሚሊሜትር እንኳ ሳይጓዝ ይሰባበራል።

ታዲያ እንዴት ይቆጠራል? በልጆቹ ነው። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደምንቆጥር፣ ተመራማሪዎቹም ከልጆቹ ተነሥተው ወላጁን ያገኛሉ። ዘመድ የሚመስለውን ባዕድ በሒሳብ ይለያሉ። ከልጆቹ አንዱ ኤሌክትሮን ነው። የቫይዝማን ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው የሠሩት፣ ኤሌክትሮንን ለመለየት የሚረዳ መሣሪያ በ2009 እና በ2010 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ግዛት በብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ፣ ፌኒክስ በተባለው ምርምር አገልግሏል።

ይህን የምነግራችሁ የዚህ ሥራ በር ሒሳብ ስለሆነ ነው። «ለልጃችሁ ዝቅተኛው የሒሳብ ክፍል ይበቃዋል» ቢሏችሁ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ። ለባግሩት ወደ 5 የሂዶት ሒሳብ የሚያደርሰውን መንገድ ጠይቁ። ዕብራይስጡ ቢያስቸግራችሁ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። መጠየቅ ነውር አይደለም።