ሂላ ያቆመ እጅ

ክረምት አልፎ መስቀል ሲቃረብ፣ በገንዳ ውሃና በመተማ አካባቢ ግድግዳ ውስጥ የተሠራ ቁም ሳጥን ሲከፈት እምክ እምክ ማለቱ፣ ነጩ ልብስም ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ሻጋታ በላው እንላለን፤ ያበላነው ግን እኛ ነን። ሻጋታ የሚሻው ሦስት ነገር ነው፦ ምግብ፣ ሙቀትና እርጥበት። ጥጡና ቺፕውዱ ምግቡ ናቸው፤ ሙቀቱን ቆላው በነፃ ይቸረዋል። እኛ ልንከለክለው የምንችለው እርጥበቱን ብቻ ነው።

"እርጥበት የደጋ ችግር ነው፤ እዚህ ምን ብርድ አለና?" የሚል ይኖራል። በየካቲትና በመጋቢት እውነቱን ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ነገሩ ይለወጣል። 30 ዲግሪ የሞቀ አየር በአንድ ሜትር ኩብ እስከ 30 ግራም ውሃ በተን መልክ ይሸከማል፤ ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ ግን የሚችለው 17 ግራም ያህል ነው። ቀን የሞቀው እርጥብ አየር በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ሌሊት ዝናብ ካቀዘቀዘው የብሎኬት ግድግዳ ጋር ሲገናኝ ትርፉን እዚያው ይጥላል። ከሥር ደግሞ ውሃ የጠገበው ዋልካ እርጥበቱን በመሠረቱ በኩል ወደ ግድግዳው ይሰድዳል። ጠብታ ባይታይ እንኳ፣ የእርጥበቱ መጠን ለቀናት ከ80 በመቶ በላይ ከቆየ ለሻጋታው በቂው ነው። ፀሐይም ነፋስም የማያገኘው የሳጥኑ ጀርባ ለዚህ የተመቸ ነው።

መፍትሔው ከሰሊጡ ማሳ አይርቅም። የመተማ ገበሬ ያጨደውን ሰሊጥ አስሮ፣ ነፋስ እንዲያልፍበት ሂላ በሚባለው አቋቋም ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል እንጂ እርጥቡን አይከምረውም። ቁም ሳጥኑም ይኸው ነው የሚገባው። ጀርባው ከግድግዳው አራት ጣት ይራቅ፤ ወለሉ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ በሩ ከታችና ከላይ መተንፈሻ ይኑረው። ቢቻል ዝናብ በሚመታው የውጭ ግድግዳ ላይ አይሠራ። "ክፍት ከተተወማ አቧራና ነፍሳት ይገባል" ለሚለው ስጋት፣ መተንፈሻው ላይ ወንፊት ሽቦ መምታት ይበቃል። እንዲያውም ከግድግዳና ከመሬት የራቀ እንጨት ምስጥ ሲወጣበት ቶሎ ይታያል።

ካፉራና ዕጣን አሉን የሚሉም አሉ። ካፉራ ብልን ያባርራል፤ ውሃ ግን አይመጥም። ዕጣኑም ሽታውን ይሸፍናል እንጂ ግድግዳውን አያደርቅም። ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ "የውጩ አየር ራሱ እርጥብ ከሆነ መክፈቱ ምን ይጠቅማል?" የሚለው ነው። ዝናብ እየጣለ መክፈት በእርግጥ አይጠቅምም። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ፣ በቀትር፣ የቤቱንም የሳጥኑንም በር ወለል አድርጎ መክፈትና ልብሱን አራርቆ መስቀል ግን ይጠቅማል። ያልደረቀ ልብስ አጣጥፎ ማስገባት ደግሞ ውሃውን በገዛ እጅ ተሸክሞ እንደ ማስገባት ነው።

እንግዲህ ቤት የምትሠሩ ሁሉ፣ አናጢው ሳጥኑን ከግድግዳው ጋር ከመምታቱ በፊት ስለ አራቷ ጣት ንገሩት። በኋላ ከማፍረስ አሁን መናገር ይቀላል።