ቶርኖውም መሮውም



ጉለሌ የእጅ ሙያ ሰፈር ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማኔው ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ በእግሩ ድሩን ይከፍታል፣ በእጁ መወርወሪያውን ይሰድዳል። ከሱቁ ደጃፍ ደግሞ ጥለቱ በማሽን የታተመ ጨርቅ ከእጅ ሥራው ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል። ዛሬ በእንጨት ሥራ የሚመረቁትን ወጣቶች የሚጠብቃቸውም ተመሳሳይ ገበያ ነው። መጫወቻ ሲሠሩ የትኛውን ለቶርኖ ይስጡ፣ የትኛውን በእጅ ይያዙ?

የገና ጨዋታ ጥሩ መልስ አለው።

የገና ዱላ ጫፉ ቆልመም ያለ ነው። ዐዋቂዎች የሚቆርጡት ዛፉ ራሱ ካጎበጠው ቅርንጫፍ ነው፤ የእንጨቱ ጅማት ከመታጠፊያው ጋር አብሮ ስለሚታጠፍ ብርቱ ምት ይችላል። ያው ቅርጽ ከቀጥተኛ ጣውላ በመጋዝ ቢወጣ ጅማቱ መታጠፊያው ላይ ይቋረጣል፤ ዱላውም እዚያው ላይ ይሰበራል። ይህን ቅርንጫፍ ከዛፉ ላይ ለይቶ የሚያወጣ ሞተር የለም፤ ዓይንና መጥረቢያ ይፈልጋል። በዱላው የምትመታው የእንጨት ኳስ፣ ሩር፣ ግን ድብልብል ናት። በቢላና በሞረድ ረጅም ሰዓት የምትፈጀው ሩር፣ ቶርኖ ላይ በደቂቃዎች ትደርሳለች።

ሞተር ከመምጣቱ በፊት በብዙ አገሮች ቶርኖ የሚዞረው በእግር ነበር። ሠሪው መርገጫውን ሲጫን ገመዱ እንጨቱን ወደ ፊት ያዞረዋል፤ እግሩን ሲያነሳ ከላይ የተወጠረ ቀጭን ግንድ ገመዱን መልሶ ይስበዋል። መሮው የሚቆርጠው ወደ ፊት በሚዞርበት ጊዜ ብቻ ነው። የኤሌክትሪኩ ቶርኖ ያለ ዕረፍት በአንድ አቅጣጫ ይዞራል። ሥራ ያፋጥናል፤ የእጅ ስሕተትንም እንዲሁ ያፋጥናል።

ማሽንንና እጅን አስታርቃ የኖረች አንዲት የጀርመን መንደር አለች፤ ዛይፈን ትባላለች። የቆርቆሮ ማዕድኗ ሲዳከም ቆፋሪዎቿ ፊታቸውን ወደ እንጨት መጫወቻ አዞሩ። ቀድሞ በውኃ ኃይል ይዞር በነበረ ቶርኖ ላይ አንድ የእንጨት ቀለበት ከውስጥም ከውጭም ይቀርጻሉ፤ ቀለበቱ እንደ ድፎ ዳቦ ሲቆራረስ እያንዳንዱ ቁራጭ በጎኑ ሲታይ ፈረስ ወይም ላም ሆኖ ይገኛል። ጆሮውን የሚያወጣው፣ ጀርባውን የሚያለሰልሰውና ቀለሙን የሚቀባው ግን እጅ ነው። ከዋንዛ ቀለበት ዋልያ፣ አንበሳና በቅሎ የማይወጣበት ምክንያት የለም።

እንጨት መምረጥም ሙያ ነው። እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ቅርብ ቢሆንም ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ወይራ ጠንካራ ነው፤ መሮ ቶሎ ያደንዛል። ዋንዛ ለመቅረጽ ይመቻል፤ ከበሮም ወንበርም ሆኖ የኖረው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ደኅንነት ይቅደም። ሕፃን መጫወቻውን መጀመሪያ የሚወስደው ወደ አፉ ነው። ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠራ መጫወቻ፣ ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር በሆነ የመፈተሻ ሲሊንደር ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ትንሽ ክፍል ሊኖረው አይገባም፤ ጉሮሮ ይዘጋል። ሠሪውም ራሱን ይጠብቅ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን በ1995 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መዝግቦታል። በቶርኖ ላይ የተንዘረፈፈ እጅጌ፣ ነጠላና ጓንት አደጋ ነው።

ወላጆችና የመዋዕለ ሕፃናት ኃላፊዎች፣ ለልጆቻችሁ መጫወቻ ስትገዙ መጀመሪያ የእነዚህን ወጣቶች ሥራ እዩላቸው። ውድ ተመራቂዎች፣ ቶርኖ ለአንድ ጀማሪ ውድ ነውና በማኅበር ተደራጅታችሁ አንድ ግዙ፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛውን ከእሱ ጋር አብራችሁ ግዙ። መጥረቢያና መሮ ግን እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ያዙ። እንኳን ደስ አላችሁ!