ቆሻሻው ሲደፋ ዕዳው ይጻፍ



መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ምሽት በአዲስ አበባ ረጲ፣ ሁላችን ቆሼ በምንለው ስፍራ፣ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ። ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አገሪቱም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀች። ስለ አደጋው ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ የማነሳው በሂሳብና በኦዲት ሙያችን በኩል ያለውን ጥያቄ ነው። ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረ ስፍራ አንድ ቀን መዘጋቱ አይቀርም። ታዲያ የመዝጊያው ወጪ መመዝገብ የነበረበት በየትኛው ዓመት ሂሳብ ላይ ነው?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ወጪው የሚወለደው ቆሻሻው በሚደፋበት ቀን ነው፤ መመዝገብ ያለበትም በዚያው ዓመት ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ መሆኑ ይህን እውነት አይለውጠውም።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ ባዕድ አይደለም። እድርተኛ በየወሩ የሚያዋጣው ሞት መቼ እንደሚመጣ አውቆ አይደለም፤ መምጣቱ እንደማይቀር ስለሚያውቅ ነው። ለቅሶ ከተቀመጡ በኋላ ገንዘብ ፍለጋ መሯሯጥ ነውር መሆኑን ቀደምቶቻችን ያውቁ ነበር። የቆሻሻ ማስወገጃም ፍጻሜው ከመጀመሪያው ቀን የታወቀ ነው።

ለመሆኑ መዝጋት ሲባል ምን ማለት ነው? በር ቆልፎ ዘበኛ ማቆም ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ መሠረት በተዘጋው ክምር ላይ ዝናብ ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ የሚከላከል፣ ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የታመቀ አፈር ይነጠፋል። በላዩ ደግሞ ሣር የሚያበቅልና መሸርሸርን የሚገታ ሌላ 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ይለብሳል። ከዚያ በፊት ገደል የሆነው የክምሩ ጎን ተዳፋቱ እንዲላላ መስተካከል አለበት። ከሥር የሚወጣው ጥቁር ፍሳሽ ወንዝና የከርሰ ምድር ውሃ ሳይደርስ መሰብሰብና መታከም ይኖርበታል። ውስጥ ለውስጥ የሚብላላው ቆሻሻ የሚያመነጨው ጋዝ ግማሽ ያህሉ ሚቴን ነው፤ ሚቴን ደግሞ ከአየር ጋር በ5 በመቶ ያህል ሲቀላቀል ሊፈነዳ ስለሚችል በቧንቧ መውጣት አለበት። ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ደንቡ በመደበኛነት 30 ዓመት ክትትል ይጠይቃል። ጉድጓድ እየተቆፈረ ውሃው ይመረመራል፤ የተሰነጠቀው አፈር ይጠገናል፤ ቧንቧው ይፈተሻል። በእነዚያ 30 ዓመታት ውስጥ ማስወገጃው አንዲት መኪና ቆሻሻ ተቀብሎ አምስት ሳንቲም አያስገባም። ገቢው ቆሞ ወጪው ይቀጥላል።

የሂሳቡ ብልሃት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ የክልሎችና የከተሞች የሂሳብ ደረጃ አውጪ ቦርድ በ1993 እ.ኤ.አ ያወጣው 18ኛው መግለጫ ለዚሁ የተዘጋጀ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። የመዝጊያውና የድኅረ መዝጊያው ጠቅላላ ወጪ በዛሬ ዋጋ ይገመታል። ግምቱ እስከ ዛሬ በተሞላው የቦታ መጠን ተባዝቶ ለማስወገጃው ጠቅላላ አቅም ይካፈላል። ባለፉት ዓመታት የተመዘገበው ሲቀነስ የሚቀረው የዓመቱ ወጪ ይሆናል።

በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል ብቻ የተመረጡ ናቸው። አቅሙ 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሆነ ማስወገጃ አለ እንበል፤ የመዝጊያው ግምት 800 ሚሊዮን ብር ነው። በመጀመሪያው ዓመት 500 ሺህ ሜትር ኩብ ማለትም 5 በመቶው ሞላ። ስለዚህ 40 ሚሊዮን ብር በወጪ በኩል ዴቢት፣ በዕዳ በኩል ክሬዲት ይደረጋል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የተሞላው ድምር 11 በመቶ ደረሰ፤ የአፈርና የማሽን ኪራይ ዋጋ በመናሩም ግምቱ ወደ 900 ሚሊዮን ብር ከፍ አለ። ዕዳው አሁን 99 ሚሊዮን ብር ነው፤ ከዚህ 40 ሚሊዮኑ ሲቀነስ የሁለተኛው ዓመት ወጪ 59 ሚሊዮን ብር ይሆናል። የከተማው ምክር ቤት ይህን ቁጥር ሲያይ አንዲት መኪና ቆሻሻ በእርግጥ ምን ያህል እንደምታስከፍለው ይገባዋል። ቁጥሩ ከሌለ ግን ማስወገጃ እጅግ ርካሽ አገልግሎት መስሎ ይታያል።

አገራችን የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃም ወደዚሁ ይመራል። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ሪፖርት አቅራቢ ድርጅቶችን በዚህ ሥርዓት ውስጥ አስገብቷል። 37ኛው የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ፕሮቪዥን፣ ማለትም በግምት የሚመዘገብ ዕዳ፣ እንዲያዝ የሚያዘው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ ካለፈ ድርጊት የመነጨ ግዴታ ሲኖር፣ ገንዘብ መውጣቱ ከመቅረቱ ይልቅ ሲያመዝን፣ መጠኑም በአስተማማኝ ሁኔታ መገመት ሲቻል። ግዴታው በሕግ ብቻ አይወሰንም፤ ድርጅቱ በአደባባይ ቃል ገብቶ ሌሎች ያንን አምነው ከተቀመጡም ግዴታ አለበት። ለመንግሥት አካላት የወጣው 19ኛው ደረጃም ተመሳሳይ ነው። በተግባር ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን ሂሳብ በዋናነት ጥሬ ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ የሚመዘግብ ነው። በዚህ ዓይነት መዝገብ ውስጥ ከ20 ዓመት በኋላ የሚከፈል ዕዳ የሚገባበት ዓምድ የለም። ኦዲተሩ ቢፈልገውም አያገኘውም።

ዕዳ ሳይጻፍ ሲቀር ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ኒውዮርክ ግዛት፣ ናያጋራ ፎልስ ከተማ እንሂድ። ሁከር የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ከ1942 እ.ኤ.አ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ላቭ ካናል በሚባል ያልተጠናቀቀ ቦይ ውስጥ ወደ 21 ሺህ ቶን የኬሚካል ቆሻሻ ቀበረ። በ1953 መሬቱን ለከተማው የትምህርት ቦርድ በአንድ ዶላር አስተላለፈው፤ በውሉም ላይ ወደፊት ለሚደርስ ጉዳት እንደማይጠየቅ አስጻፈ። በስፍራው ትምህርት ቤት ተሠራ፤ ዙሪያውን መኖሪያ ቤቶች ተገነቡ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኬሚካሉ በየቤቱ ምድር ቤት መስረግ ጀመረ። በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ ውሳኔ አስተላለፉ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። በ1980 ሱፐርፈንድ በመባል የሚታወቀው ሕግ እንዲወጣ ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ስፍራው ከአደገኛ ቦታዎች ዝርዝር የተሰረዘው በ2004 ሲሆን፣ ጽዳቱ ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። በአንድ ዶላር የተሸጠው መሬት እውነተኛ ሂሳቡ ይህ ነበር። በወቅቱ የማንም መዝገብ ላይ ስላልነበረ፣ መጀመሪያ የከፈሉት እናቶችና ልጆቻቸው ናቸው፤ በጤናቸው ከፈሉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የማስወገጃ ባለቤት በሥራው ወቅትም ሆነ ከተዘጋ በኋላ ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ እንደሚሆን ደንግጎ ነበር። ከተዘጋም በኋላ የሚለው አገላለጽ ለሂሳብ ባለሙያ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ኃላፊነቱ ከበሩ ቁልፍ በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው። ሕግ ኃላፊነቱን ካወቀው መዝገብ የማያውቅበት ምክንያት የለም።

ከሰንዳፋም የምንማረው አለ። በ2008 ዓ.ም አዲሱ የሰንዳፋ ማስወገጃ ሥራ ሲጀምር ቆሼ የሚዘጋበት ጊዜ የደረሰ መስሎ ነበር። የአካባቢው አርሶ አደሮች በውሃቸው፣ በከብቶቻቸውና በጤናቸው ላይ ጉዳት ደረሰ ብለው ተቃወሙ፤ ሥራው በወራት ውስጥ ቆመ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። እንዲህ ባለ ጊዜ የመዝጊያው ቀን፣ የሚቀረው አቅም፣ የሚፈለገው ገንዘብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ሂሳቡ በየዓመቱ የሚከለስ ቢሆን ኖሮ፣ በአንድ ስፍራ ላይ መደፋቱ በቀጠለ ቁጥር ዕዳው እንዴት እንደሚያብጥ ለውሳኔ ሰጪው በቁጥር ይታየው ነበር። የአርሶ አደሮቹ ካሳም በቦታ መረጣው ወቅት በወጪነት ይታሰብ ነበር።

ሙያዊ ሐቀኝነታችን በጣም የሚፈተነው ወደፊት የሚከፈለው ገንዘብ ዛሬ ያለው ዋጋ በሚሰላበት የቅናሽ ተመን ላይ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ የሚከፈል 100 ሚሊዮን ብር በ5 በመቶ ተመን ወደ ዛሬ ሲመለስ 23 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው፤ በ10 በመቶ ግን ከ6 ሚሊዮን በታች ይወርዳል። ክምሩ ያው፣ ፍሳሹም ያው ሆኖ ሳለ ተመኑን ብቻ በመምረጥ ዕዳውን ከሦስት አራተኛ በላይ ማሳነስ ይቻላል። ስለዚህ ተመኑ ለምን እንደተመረጠ፣ የዋጋ ንረቱስ በግምቱ ውስጥ መግባት አለመግባቱ በማብራሪያው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ይህን ሳይጠይቅ የሚፈርም ኦዲተር ሥራውን አልሠራም።

መጻፍ ብቻውንም አይበቃም። ፕሮቪዥን ገንዘብ አይደለም፤ ዕዳ መኖሩን የሚናገር ቃል ነው። የአሜሪካው ደንብ የማስወገጃ ባለቤቶችን ዋስትና እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ በአደራ የተቀመጠ ፈንድ፣ የባንክ ዋስትና ወይም ኢንሹራንስ ሊሆን ይችላል። የአዲስ አበባ ነዋሪ የጽዳት ክፍያውን ከውሃ ሂሳቡ ጋር ሲከፍል ኖሯል። ከዚህ ክፍያ የተወሰነ ድርሻ ለመዝጊያ ብቻ በሚውል ዝግ ሂሳብ ውስጥ ቢቀመጥ፣ የዛሬው ጣይ የዛሬውን ቆሻሻ ዕዳ ይከፍላል፤ ዕዳው ለልጆቹ አይተላለፍም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። እያንዳንዱ ከተማ ያሉትን ማስወገጃዎች ቆጥሮ፣ አቅማቸውንና የተሞላውን ለክቶ፣ የመዝጊያ ግምታቸውን ያውጣ፤ የሂሳብ ሥርዓቱ እስኪሻሻል ድረስ ግምቱ ቢያንስ ከበጀቱ ጋር ለምክር ቤት ይቅረብ። ቆዳ የሚያለፉ፣ ማዕድን የሚያወጡና ኬሚካል የሚጠቀሙ ድርጅቶችን ሂሳብ የምትመረምሩ ኦዲተሮች የአካባቢ ማጽጃ ግዴታን ከጥያቄዎቻችሁ ፊት አድርጉት፤ ግቢው ሄዳችሁ ፍሳሹ የት እንደሚወርድ በዓይናችሁ እዩ። የሂሳብ መምህራን ደግሞ ይህን ትምህርት ከመጽሐፉ መጨረሻ አውጥታችሁ በአገር ምሳሌ አስተምሩት።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የቆሻሻ ዕዳ ሁልጊዜ ይከፈላል። እኛ በመዝገባችን ካልያዝነው ከክምሩ ሥር የሚኖረው ድሃ ይከፍለዋል፤ እሱ ደግሞ ዕዳውን አልተበደረውም። ይህን ፍርደ ገምድልነት የማስቆም ሥልጣን በከፊል በእኛ በሂሳብ ባለሙያዎች እጅ ነው፤ ከሚቀጥለው የበጀት ዓመት መዝጊያ ሪፖርት ጀምረን እንጠቀምበት።